የወደቀ ሞተር ሳይክል

ቁስቋም በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ነው። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ዝናብ ሲጥል ያዳልጣል። አንድ ጓደኛዬ እዚያ ከነሞተር ሳይክሉ ወደቀ። እግሩ ተላጠ እንጂ ደህና ነው። እንጀራው ግን በሞተሩ ነው። «ቶሎ ሥራልኝ፤ ነገ ልውጣበት» አለኝ።

የተሰበረ መስተዋትና የተፋቀ ቀለም ይቆዩ። ማንንም አይገድሉም። መጀመሪያ የሚታየው ቤንዚን ነው። ሞተሩ ሲወድቅ ሊፈስ ይችላል። ታዲያ ክብሪት ጭሮ ማየት አይገባም!

ቀጥሎ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ብረቶች ይታያሉ። የጓደኛዬ አንዱ ተጣሟል። «በእሳት አግለው፣ በመዶሻ አቃናው» ያለኝ ብዙ ነው። እንዲህ የተደረገ ብረት ቀጥ ያለ ይመስላል። ውስጡ ግን ደክሟል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሌላ ይገዛል አልኩት። ዋጋውን ሲሰማ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ያኩርፍ!

የፍሬን ገመድስ? አንድ ክሩ እንኳ ከተበጠሰ ሙሉው ይለወጣል። አይቋጠርም።

ከዚያ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ማሽከርከር ነው። ቸርኬው ወዲያና ወዲህ ካለ፣ ራጂ የሚባሉት ቀጫጭን ሽቦዎች በጥቂት በጥቂቱ ጠበቅ ይደረጋሉ።

ሙከራው ሜዳ ላይ ነው። በእጅ እየገፉ ፍሬን መያዝ። ጎማው ቆመ? እንግዲህ ቀስ ብሎ መንዳት። የቁስቋም ቁልቁለት የመጨረሻው ነው።