እንግዶቹ ከጉባ ተመልሰዋል፤ መስመሩስ የት ደረሰ?

እንደሚታወቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ጉባ በአንድ ቀን ብዙ የአገር መሪዎችን አስተናግዳለች። የኬንያው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ፣ የጅቡቲው ኢስማኤል ኦማር ጌሌ፣ የሶማሊያው ሐሰን ሼክ ማሕሙድና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር በቦታው ተገኝተዋል። ከባሕር ማዶ የባርቤዶሷ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚያ ሞትሊ ሳይቀሩ መጥተዋል። የግብፅና የሱዳን መሪዎች አልመጡም፤ ምክንያቱን ሁሉም ስለሚያውቀው ቀለም አናባክንበትም።

የምንጽፈው ስለ አቀባበሉ ድምቀት አይደለም። እሱን ሬዲዮው ሲያወራው ከርሟል። የምንጽፈው ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት አንድ የገጠር ት/ቤት ስለገጠመን ጥያቄ ነው። ት/ቤቱ መብራት የለውም። በመስኮቱ ግን ትልልቆቹ የብረት ማማዎች ተሰልፈው ይታያሉ። አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ግድቡ የኛ ከሆነ ኮረንቲው ለምን ኬንያ ሄደ? እኛ ቤት እኮ የለም» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም «ይደርሳችኋል» ብለን ወደ ማባዛቱ ተመለስን። እውነቱን እንናገርና፣ መልሱን አናውቀውም ነበር።

ማታ በመኝታ ቤት ክርክሩ ጦፈ። ግማሾቻችን «ልጁ ልክ ነው፤ አገር ቤት ጨለማ እያለ ለውጭ መሸጥ ምን የሚሉት ነው!» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ልጁ የውጭ ምንዛሪ ምን እንደሆነ አይገባውም» ብለን አጣጣልነው። ዛሬ ነገሩን አገላብጠን ስናየው ሁለቱም ወገን ስቷል እንላለን።

እስቲ ከኬንያ እንጀምር። ፕሬዚዳንት ሩቶ ሥልጣን በያዙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የሳፋሪኮም አገልግሎት ሲመረቅ አዲስ አበባ ነበሩ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ኬንያ ከኢትዮጵያ ኮረንቲ መግዛት ጀመረች። ውሉ የ25 ዓመት ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። እንግዲህ ስሌቱን ለተማሪ ሰሌዳ ላይ ጻፉለት። የሕዳሴው 13 ተርባይኖች ጠቅላላ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። 200 ከዚያ ላይ ቢቀነስ ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም። ለዚያውም ለኬንያ የሚሸጠው ከሕዳሴ ብቻ የተቀዳ አይደለም፤ የጊቤውም የበለሱም ሁሉም ጣቢያ የሚያመነጨው ኮረንቲ አንድ ቋት ውስጥ ነው የሚገባው። ደግሞም መስመሩ መላክ ብቻ ሳይሆን መቀበልም ይችላል። ዝናብ ያጠረ ዓመት ቢመጣ የኬንያ የእንፋሎት ኃይል በዚያው ሽቦ ወደኛ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ከጅቡቲና ከሱዳን ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ ከዚህም የቀደመ ነው።

ታዲያ የልጁን ቤት ያጨለመው ኬንያ ካልሆነ ማነው? ይህን እንድንረዳ ከግድቡ የሚወጣውን ኮረንቲ በእግር መከተል ነበረብን። አንደኛው መስመር በ500 ሺህ ቮልት በደዴሳ በኩል ሆለታ ይሄዳል፤ ሌላው በ400 ሺህ ቮልት ወደ በለስ ይመጣል። አምፑል የሚፈልገው 220 ቮልት ነው። ከማማው ላይ ሽቦ ስቦ ጎጆ ውስጥ ማስገባት፣ ምን አለፋችሁ፣ መብረቅን ምጣድ ላይ እንደማሳረፍ ነው። በመካከሉ ማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ከዚያ መካከለኛ መስመር፣ ከዚያ በየቀበሌው ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ በመጨረሻም ቆጣሪ። የልጁ መንደር ያጣው ይህን ነው። ውሃውም ተርባይኑም ሞልቷል፤ የጎደለው የመጨረሻዋ 30 እና 40 ኪሎ ሜትር ናት። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ መብራት ያላገኘበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ኃይል የሚያመነጨውና ለውጭ የሚሸጠው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ለየቤቱ መብራት የሚያስገባው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍለዋል። የሁለቱ ካዝና ስለተለያየ ከውጭ የሚገባው ዶላር በራሱ ጊዜ ተሻግሮ ትራንስፎርመር አይሆንም። የሚያሻግረው ውሳኔ ነው። ቅሬታችንም እዚህ ላይ ነው። መሪዎች ሲመጡና ስለ ኃይል ሽያጭ ሲነጋገሩ የሜጋ ዋቱ ቁጥር በዜና ይነበብልናል። በዚያው ዓመት ስንት ቀበሌና ስንት ት/ቤት መብራት እንደገባላቸው ግን አብሮ አይነበብም። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይነበቡ ማለት መንግሥትን መቃወም አይደለም፤ ሒሳብን ማወራረድ ነው።

ይህን ለመጠየቅ መብት የለንም የሚል ካለ ታሪኩን ያስታውስ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ከዚህ አካባቢ ያልተነካካ አልነበረም። ለሐይቁ ሲባል ከወንዙ ዳር ተነሥተው አዲስ ሰፈር የገቡ የጉምዝ ቤተሰቦች ልጆች ዛሬ ከኛ ጋር በአንድ ወንበር ይማራሉ። መምህራኖቻችን የወር ደመወዛቸውን በየወሩ እየከፈሉ ቦንድ ገዝተዋል። አንዳንዶቹ የቦንዱን ወረቀት ዛሬም በፕላስቲክ ጠቅልለው እንዳስቀመጡት አሳይተውናል። ያን ሁሉ ያዋጣ ሰው «የኔ መንደር መቼ ነው?» ቢል ምቀኝነት አይባልም።

በሌላ በኩል ሽያጩ ይቁም የሚሉ ጓደኞቻችንን አንደግፍም። ትራንስፎርመሩም ሽቦውም በአብዛኛው የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ዕቃ ነው። ቢቆም የልጁ ጎጆ ነገ ማታ አይበራም፤ መግዣው ብቻ ይቀንሳል። ጎረቤትም ቢሆን ሽቦው አንዴ ከተዘረጋ በኋላ ጠብ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። የመሪዎቹን ወደ ጉባ መምጣት በደስታ የተቀበልነው ለዚህ ነው።

ከኛ የሚጠበቀው ምንድነው? ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ የሚመደቡት መብራት ወዳልገባባቸው ት/ቤቶች ነው። እዚያ ቆመን የሬዲዮ ዜና ብንደግም ልጆቹ አያምኑንም፤ ከነሱ ጋር ብናጉረመርምም አናስተምራቸውም። ስለዚህ ኮረንቲው ከተርባይኑ እስከ አምፑሉ የሚሄድበትን መንገድ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ስለን ይዘን እንድንሄድ ሐሳብ እናቀርባለን። የትኛው ክፍል እንደተሠራና የትኛው እንዳልተሠራ በሁለት ቀለም ይለይ። የፊዚክስና የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራኖቻችን አንድ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡን ሥራውን በሁለት ሳምንት እንጨርሳለን። ወረቀትና ቀለም የምናዋጣው እኛው ነን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ከዚህ ጋዜጣ ግርጌ ጻፉ። በሚቀጥለው ዙር ልምምድ ወደዚያው ት/ቤት የሚሄዱ አሉ፤ ያ ልጅም አሁን 6ኛ ክፍል ገብቷል።