ልጅ የሚይዝ ዕቃ ሳይመረመር አይገዛ!

ለማኅበራችን አባላትና ለሰፈራችን ወላጆች በሙሉ፤

ያገለገለ የሕፃን የመኪና ወንበር በከተማችን በሶዶ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ እያየን ነው። ዘመድ ከውጭ አገር የሚልከውም አለ። ልጅን በወንበር ማሰር መልካም ነው፤ እሱን አልተቃወምንም። የምንቃወመው «የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ ምን ይሆናል?» እየተባለ ዓይን ጨፍኖ መግዛቱን ነው።

የፈረንጅ ዕቃም ጉድለት አለበት። በአሜሪካን አገር ግራኮ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 6 ሚሊዮን ለሚጠጉ ወንበሮች «ዘለበቱ ይለወጥ» ብሎ ጥሪ አድርጓል። ምግብና መጠጥ ሲፈስበት ዘለበቱ ይጣበቃል፤ አደጋ ቢደርስ ሕፃኑን ቶሎ ፈትቶ ማውጣት ያስቸግራል። ጉድለቱን በጊዜው አላሳወቀም ተብሎም በ2015 የ10 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተወሰነበት። እዚያ ለአንድ ዘለበት ይህን ያህል ይጠየቃል!

እኛ ጋስ? የጥሪው ደብዳቤ የሚደርሰው ስሙን ላስመዘገበ ገዢ ነው። ወንበሩ ባሕር ተሻግሮ ሶዶ ሲገባ ደብዳቤው አይከተለውም። በሰፈራችን ባየነው አንድ ወንበር ላይ የሞዴል ቁጥሩና የተሠራበት ቀን ያለበት ወረቀት ጭራሽ ተልጧል። ሻጩን ብንጠይቀው «ወረቀት ልጅ ይይዛል እንዴ?» ብሎ ሳቀብን። አዎን፣ ይይዛል! ያለዚያ ቁጥር ወንበሩ ለእርማት የተጠራ ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል?

«እኛ መኪና የለንም፣ አይመለከተንም» የምትሉም አላችሁ። ይመለከታችኋል! ሕፃን በሞተር ታንከር ላይ አስቀምጦ በአስፋልት የሚበር ማን ነው? ባጃጅ ላይ ልጅን ከሾፌሩ ጎን የሚያሻግጠው ማን ነው? «እናቱ ይዛዋለች» አይባል። በግጭት ጊዜ የእናት ክንድ አይችለውም፤ ፍቅር አንሷት አይደለም፣ ጉልበት ስለማይበቃ ነው። ይህን ልማዳችንን ደግሞ የትኛውም ፋብሪካ ደብዳቤ ጽፎ አይመልስልንም። ራሳችን ጠርተን ራሳችን እንመልሰው።

ስለዚህ በጥብቅ የምናሳስበው፤

1ኛ/ ቁጥሩ የተላጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም አደጋ የደረሰበት ወንበር አይገዛ፤ በነፃም ቢሰጥ አይወሰድ።

2ኛ/ ወንበር ያላችሁ ቁጥሩንና የተሠራበትን ቀን ገልብጣችሁ ለላከው ዘመድ ስጡት። ኩባንያውን ጠይቆ ያጣራላችሁ።

3ኛ/ የሕፃን ወንበር ከኋላ ይታሰር። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ ጨቅላ የአየር ከረጢት ባለበት የፊት መቀመጫ ላይ ፈጽሞ አይደረግ።

4ኛ/ በሞተር ታንከር ላይ ሕፃን አይጫን። ባጃጅ ላይ ልጅ ከኋላ፣ በትልቅ ሰው መሐል ይቀመጥ። ሾፌሩ እንቢ ካለ ውረዱ፤ ሌላ ባጃጅ አይጠፋም።

ከአደጋ በኋላ ድንኳን መትከሉን እናውቅበታለን። ከአደጋ በፊት ማሰብን ግን እንልመድ። ሳይቃጠል በቅጠል!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ወላይታ ሶዶ