የአነስተኛ ኃይል ኔትወርኮች መለኪያ ርቀት ነው ወይስ ዕድሜ?

በፈረንጆቹ ጥር 2022 የዱባይ ኤሌክትሪክና ውሃ ባለሥልጣን “ዴዋሳት-1” የተሰኘችውን አነስተኛ ሳተላይት ወደ ሕዋ አመጠቀ። ሳተላይቷ ሎራ በተባለው የረጅም ርቀት የሬዲዮ ቴክኖሎጂ አማካኝነት ከምድር መረጃ እንድትቀበል የተሠራች ናት። በዚያው ወር በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ አቅራቢያ፣ ለተመሳሳይ ዓላማ በበርካታ አገራት ኔትወርክ የዘረጋው ሲግፎክስ ኩባንያ ዕዳውን መክፈል ተስኖት በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገባ።

የሁለቱ ክስተቶች መገጣጠም አጋጣሚ ቢሆንም የሚያነሱት ጥያቄ ግን አንድ ነው። ባትሪው 10 ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ መሬት ሥር የተቀበረ የውሃ ቆጣሪ፣ መልእክቱን የሚቀበለው ኔትወርክ እስከዚያ ይቆይለታል ወይ?

እነዚህ ኔትወርኮች የተፈጠሩት ለሰዎች ሳይሆን ለዕቃዎች ነው። የሞባይል ኔትወርክ ትልቁ ግብ ፍጥነት ነው። የውሃ ቆጣሪ፣ የአፈር እርጥበት መለኪያ ወይም የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግን በቀን የሚልከው ጥቂት ፊደላትን የሚያክል መረጃ ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር የለውም፤ ባትሪውን ለመቀየርም ሠራተኛ ቦታው ድረስ መሄድ አለበት። ስለዚህ ፍጥነት ተትቶ ርቀትና ቁጠባ ተመረጡ።

አሠራሩ ከማዶ ሸንተረር ሆኖ ጎረቤቱን የሚጣራ ሰውን ይመስላል። ድምፁ እንዲደርስለት ቃሉን እያስረዘመ ይጠራል እንጂ በፍጥነት አይናገርም። ሎራም መልእክቱን በጊዜ ውስጥ በመዘርጋት፣ ደካማ ምልክት ከሩቅ እንዲለይ ያደርጋል። በፈረንጆቹ 2019 ከአየር ፊኛ ላይ በ25 ሚሊዋት ኃይል ብቻ የተላከ የሎራ ምልክት 766 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተሰምቷል።

ይህ ቁጥር እውነት ቢሆንም ለከተማ ነዋሪ የሚነግረው ጥቂት ነው። በፊኛውና በተቀባዩ አንቴና መካከል የነበረው ክፍት አየር ነው። ሳተላይትም ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መስማት የምትችለው በዚሁ ምክንያት ነው። በሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ፣ በብረት ክዳን ሥር የተቀመጠ ቆጣሪ ግን ከጥቂት ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሊደመጥ አይችልም።

ርቀት ዋጋም አለው። በአውሮፓ የተለመደው የሎራዋን አሠራር ስድስት የፍጥነት ደረጃዎች አሉት። 12 ባይት የያዘ መልእክት በፈጣኑ ደረጃ ሲላክ አየር ላይ የሚቆየው 62 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ በዘገምተኛውና ሩቅ በሚደርሰው ደረጃ ግን ወደ 1.5 ሰከንድ ይጠጋል። አንድ ቆጣሪ ከአንቴና ርቆ በመተከሉ ብቻ ለአንድ መልእክት የሚያሠራጭበት ጊዜ 24 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። የባትሪው ዕድሜም በዚያው መጠን ይፈተናል።

በአውሮፓ ደንብ መሠረት በብዙዎቹ የ868 ሜጋኸርዝ መስመሮች አንድ መሣሪያ ከጊዜው 1 በመቶ፣ ማለትም በሰዓት 36 ሰከንድ ብቻ እንዲያሠራጭ ይፈቀድለታል። በዘገምተኛው ደረጃ ይህ በሰዓት 24 መልእክት ያህል ነው። የሲግፎክስ ገደብ ከዚህም ይጠብቃል፤ በቀን ከ140 የማይበልጡ ባለ 12 ባይት መልእክቶችን ይልካል፣ ወደ መሣሪያው የሚመለሱት ደግሞ በቀን አራት ብቻ ናቸው።

ሌላው ፈተና መጨናነቅ ነው። በሎራዋን ኔትወርክ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ተራ ሳይጠብቁ ይልካሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የተሞከረው የዚህ ዓይነቱ አሠራር፣ ከመስመሩ አቅም በአግባቡ ሊያደርስ የሚችለው ቢበዛ 18 በመቶ ገደማ እንደሆነ ከተረጋገጠ ቆይቷል። ሎራ ጠንከር ያለውን ምልክት ከደካማው መለየት ስለሚችል ሁኔታው በመጠኑ ይሻላል። ያም ሆኖ ለአንድ መቶ ቆጣሪዎች ያለ እንከን የሠራ አንቴና ለአሥር ሺዎች ይበቃል ማለት አይደለም። አንቴናው “ደርሶኛል” የሚል ምላሽ በሚልክበት ቅጽበት የሌሎቹን መልእክት መስማት ያቆማልና።

ሦስተኛው ተፎካካሪ ኤንቢ-አይኦቲ የሚባለው የሞባይል ኩባንያዎች ምርጫ ነው። ደረጃው በፈረንጆቹ 2016 የጸደቀ ሲሆን፣ ከቀድሞው ጂፒአርኤስ ጋር ሲነጻጸር 100 እጥፍ የደከመ ምልክት እንዲቀበል ታቅዷል። ፈቃድ ባለው ሞገድ ስለሚሠራ ከሌሎች ጋር አይጋጭም። ይሁንና ምልክቱ በደከመ ቁጥር መሣሪያው አንዱን መልእክት እስከ 128 ጊዜ ሊደጋግም ይችላል፤ ባትሪውም ያንኑ ያህል ይደክማል።

የወረቀቱ ንጽጽር በዚህ ያበቃል፤ የገበያው ፍርድ ግን ከቴክኒኩ የከፋ ሆኗል። የጃፓኑ ኤንቲቲ ዶኮሞ የኤንቢ-አይኦቲ አገልግሎቱን በፈረንጆቹ መጋቢት 2020 ዘግቷል። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲም ተመሳሳይ ኔትወርኩን በ2025 መጀመሪያ እንደሚያቆም አስታውቋል። ሲግፎክስ በሚያዝያ 2022 በሲንጋፖሩ ዩናቢዝ ተገዝቶ ከመጥፋት ተርፏል፤ ደንበኞቹ ግን ለወራት በስጋት ቆይተዋል።

ሦስቱም የተፈተኑት ምልክታቸው ሩቅ መድረስ ስላቃተው አልነበረም። በየመሣሪያው የሚሰበሰበው ክፍያ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ ኔትወርኩን ለማቆየት የሚያስፈልገው የመሣሪያ ብዛት ካልተገኘ ወጪውን አይሸፍንም። ኔትወርኩ ሲዘጋ ጉዳቱ የሚያርፈው በመጨረሻ በተጠቃሚው ላይ ነው። የውሃ ድርጅት በየጉድጓዱ የተከላቸውን ቆጣሪዎች አንድ በአንድ አውጥቶ መቀየር፣ ወጪውንም ከነዋሪው ክፍያ መሸፈን ይኖርበታል።

ሎራዋን በዚህ ረገድ አንድ ብልጫ አለው። የውሃ ወይም የመብራት ድርጅቶች አንቴናውን ራሳቸው ገዝተው፣ ራሳቸው ተክለው ሊያስተዳድሩት ይችላሉ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም በ2021 መጨረሻ እንደ ደረጃ እውቅና ሰጥቶታል። ነገር ግን ነጻነቱ ሙሉ አይደለም፤ የሬዲዮ ቴክኖሎጂው ባለቤት በ2012 የፈረንሳዩን ፈጣሪ ኩባንያ የገዛው የአሜሪካው ሴምቴክ ነው። ኔትወርኩን የሚጠግንና የሚከታተል ባለሙያ ማዘጋጀትም የድርጅቱ ኃላፊነት ይሆናል።

ስለዚህ በሻጭ መግለጫ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ኪሎ ሜትር ለውሳኔ ከሁሉ ያነሰ የሚጠቅም ቁጥር ነው። አንድ ከተማ ከመፈረሙ በፊት ቆጣሪዎቹ በትክክለኛ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ከመቶ መልእክት ስንቱን እንደሚያደርሱ፣ በዘገምተኛው ደረጃ የሚሠሩት ስንት እንደሆኑ፣ ኔትወርኩ ቢዘጋ መሣሪያው ወደ ሌላ መተላለፍ ይችል እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል። የመጨረሻው ጥያቄ በውሉ ላይ መልስ ካላገኘ፣ ባትሪው 10 ዓመት መቆየቱ መልእክቱን የሚቀበል ለሌለው ቆጣሪ ፋይዳ አይኖረውም።