ሸረሪቷም ዜና ናት

አምና ለዜና አጻጻፍ ኮርስ ከገጠር ይዤ የመጣሁት ወሬ ስለ ተምች ነበር። የአጎቴ በቆሎ ጭምር በመድኃኒት እንዴት እንደተረጨ፣ ስንት ሊትር እንደወጣ፣ ስንት ሄክታር እንደተሸፈነ ጻፍኩ። «መቆጣጠር ተችሏል» ብዬም ዘጋሁት። ጥሩ ማርክ አገኘሁበት። በእረፍት ሄጄ ለአጎቴ ሳነብላቸው ግን፣ «ሸረሪቱም እኮ አብሮ አለቀ፤ እሱን ምነው ተውሽው?» አሉኝ። ሳቅኩ። ሸረሪት ደግሞ ምኑ ዜና ነው?

አሁን ያ ሳቄ ያሳፍረኛል።

ሸረሪት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የዶርማችን ጣሪያ ጥግ ላይ ያለውን ድር ነው። ማሳ ውስጥ ያሉት ግን ሁሉም ድር ዘርግተው የሚጠብቁ አይደሉም። ተኩላ ሸረሪት የሚባለው ወገን ወጥመድ የለውም፤ መሬት ለመሬት እየሮጠ ነው የሚያድነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኒፌለርና ቢርክሆፈር የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ግምት መሠረት የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን ይበላሉ፤ አብዛኛው ነፍሳት ነው። (እውነቱን ለመናገር የዚህ ትልቁ ድርሻ የጫካና የሣር ምድር ነው። የእርሻ መሬት በየጊዜው ስለሚታመስ ለሸረሪት አይመችም።)

የማሳ ሸረሪት ምን ያህል ዋጋ እንዳላት በደንብ ያየችው ኢንዶኔዥያ ናት። የሩዝ አገዳ እየመጠጠ የሚያደርቅ አንድ ቡናማ ጥቃቅን ተባይ ነበረባት። መንግሥት የመድኃኒቱን ዋጋ ይደጉማል፣ ገበሬው ይረጫል፣ ተባዩ ግን ይባስ ይበዛል። ለምን? ተባዩ እንቁላሉን የሚጥለው አገዳው ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ እዚያ አይደርስም። ሸረሪቷ ግን ውጪ ናት፣ እሷ ትሞታለች። እንቁላሉ ሲፈለፈል ጠባቂ የሌለው ማሳ ይጠብቀዋል። ምን አለፋችሁ፣ የሚበላውን ገድለው የሚበላባቸውን አራቡት! በ1986 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ 57 ዓይነት መድኃኒቶች ሩዝ ላይ እንዳይረጩ አገዱ። ድጎማውም ቀስ በቀስ ቀረ። የሩዝ ምርቱ ይወድቃል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አልወደቀም።

ወደኛው ልምጣ። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ገበሬው ትሉን በእጁ ሳይቀር እየለቀመ ነው የታገለው። ሸረሪት ብቻዋን ይህን ተምች ታቆመዋለች አልልም። ትሉ አደግ ሲል የበቆሎው ጥቅልል ቅጠል ውስጥ ይደበቃል፤ እሷ የምትደርስበት ገና ከእንቁላል ወጥቶ ቅጠል ላይ ሲበተን ነው። አንዳንዴም መርጨት ግድ ይላል። አንድ የክፍሌ ልጅ «ገበሬው እህሉ እየተበላበት አንቺ ስለ ሸረሪት ታወሪያለሽ?» ብሎኛል። መልሴ ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ የሚገዛው በገበሬው ገንዘብ ነው፣ ሸረሪቷ ግን ደመወዝ አትጠይቅም። እሷን ያጣ ገበሬ በሚቀጥለው ጊዜም መግዛት ሊኖርበት ነው።

እኔን የሚቆጨኝ የኛ የዜና ልማድ ነው። ሊትርና ሄክታር እንቆጥራለን፤ ምክንያቱም ቁጥሩን ኃላፊው ጽፎ ይሰጠናል። የተረጨው የትኛው መድኃኒት ነው፣ ከተምቹ ሌላ ምን ገደለ፣ ድንበሩ ላይ ያለው ሣርስ አብሮ ተረጭቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ዜና እኔ አልሰማሁም። ሸረሪት ከርጭት ሸሽታ የምትተርፈው፣ ከእርሻም በኋላ ተመልሳ ወደ ማሳው የምትገባው ከዚያ ከድንበሩ ሣር ነው። እዚያ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ማየት ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

የአምናውን ዜና እንደገና ልጽፈው አስቤያለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አጎቴን የምጠይቃቸው አለኝ፤ ከርጭቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ተምቹ ተመልሶ መጣ ወይ? መልሱን እሳቸው ያውቁታል። «መቆጣጠር ተችሏል» ብዬ ስጽፍ እኔ አልጠየቅኋቸውም ነበር።