ፎቶግራፉ ተቆርጦ ሲቀርብ ዕዳውን የሚከፍለው ማነው?

«ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚለው አባባል ለገበያ ሰው እንግዳ አይደለም። ዛሬ ግን ብዙው ገዢ በቅድሚያ የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን የዕቃውን ፎቶግራፍ ነው። ጫማው፣ መኪናው፣ ቤቱ በቴሌግራም ይለጠፋል፤ ደንበኛው በስልኩ አይቶ ይመርጣል፣ ይደውላል፣ አንዳንዴም ቀብድ ይልካል። በዚህም ምክንያት ዕቃን ከፎቶግራፍ ውስጥ ለይቶ የማውጣት ሥራ የፎቶ ቤቶች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የነጋዴውና የደላላው ጉዳይ ሆኗል።

ሥራው ራሱ አዲስ አይደለም። ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ1990 ለገበያ ሲቀርብ ከመምረጫ መሣሪያዎቹ መካከል ላሶ እና ማጂክ ዋንድ ይገኙ ነበር። ላሶ ሠራተኛው በማውስ የዕቃውን ጠርዝ እየተከተለ የሚከብብበት ነው። ማጂክ ዋንድ ደግሞ አንድ ቦታ ሲነካ ቀለማቸው የሚቀራረብ ጎረቤት ነጥቦችን ይሰበስባል። ነጭ ሸሚዝ በነጭ ግድግዳ ፊት ከተነሳ ግን ሸሚዙንም ግድግዳውንም አንድ ላይ ያፍሳል። ስለዚህ ጥራት የሚፈልግ ሥራ በፔን መሣሪያ ነጥብ በነጥብ መከበብ ነበረበት። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሱቆች ፎቶግራፍ እየቆረጡ የሚያድሩ ድርጅቶች የበቀሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዋጋው ወርዷል። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ በ2018 ዋናውን አካል በአንድ ትእዛዝ የሚለይ፣ በ2019 መጨረሻም በዕቃው ዙሪያ ሳጥን ሲሰመር ጠርዙን ራሱ የሚፈልግ መሣሪያ አቀረበ። በ2022 አይፎን ስልክ በጣት ጫን ሲሉት ሰውን ወይም ዕቃን ከፎቶግራፉ ነቅሎ ማውጣት ጀመረ። ቀላሉ ሥራ ረክሷል፤ አስቸጋሪው ግን አሁንም ዓይንና እጅ ይፈልጋል። የነጠላ ዘርፍ፣ የተበተነ ፀጉር፣ ከኋላው ያለውን የሚያሳይ ብርጭቆ ለማሽኑ ፈተና ናቸው። ከጫማና ከማቀዝቀዣ ቆረጣ የሚያድር ባለሙያ ገበያው እየጠበበበት መሆኑን አውቆ ወደዚህ ወገን መሸጋገር ይኖርበታል።

ለነጋዴው ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ምኑ ይቆረጥ፣ ምኑስ ይተው?

አንዳንዶች ባክግራውንድ መቀየር ሁሉ ማታለል ነው ይላሉ። ይህ አያስኬድም። አማዞን የተባለው ትልቁ የኢንተርኔት መደብር ራሱ የዕቃው ዋና ፎቶግራፍ ፍጹም ነጭ ባክግራውንድ እንዲኖረው ሻጮችን ያዛል። ጫማው ከተነሳበት ወለል ተቆርጦ በነጭ ላይ ቢቀመጥ ገዢው የሚጎዳው ነገር የለም፤ ወለሉን አልገዛምና። የሚጠፋው የመጠን ግምት ቢሆን ነው፤ ለዚህም ቁጥሩን ከሥር መጻፍ ይበቃል።

ቤትና ቦታ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ገዢው ቪላውን ሲረከብ በሩ ላይ የቆመውን የመብራት ምሰሶ፣ አጠገቡ ያለውን የፍሳሽ ቦይ፣ ፀሐይ የሚከልለውን የጎረቤት ፎቅ አብሮ ይረከባል። ለጫማ ትርፍ የሆነው ባክግራውንድ ለቤት የዋጋው አካል ነው። መኪናም ቢሆን ከጋራዡ ግቢ ቢቆረጥ ነውር የለውም፤ የተጨረመተውን ፓራውልት በዚያው መሣሪያ መርጦ ማስተካከል ግን ሌላ መኪና መሸጥ ነው። መለኪያው ቀላል ነው። ከገዢው ጋር ወደ ቤቱ የማይሄድ ነገር ይቆረጥ፤ አብሮት የሚሄድ ይተው።

ይህ የሥነ ምግባር ምክር ብቻ አይደለም፤ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አሳይቷል። ገዢ ደህናውን ከብልሹው መለየት ካቃተው ለሁሉም የሚሰጠው ዋጋ ዝቅ ይላል፤ ደህና ዕቃ ያለው ሻጭ በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለብልሹው ይቀራል። አከርሎፍ እ.ኤ.አ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። ነገሩ ለፎቶግራፍም ይሠራል። ሦስት ጊዜ በፎቶግራፍ ተታሎ ትራንስፖርቱንና ቀኑን ያባከነ ገዢ አራተኛውን ደላላ እውነቱን ቢያሳየውም አያምነውም። የአንዱን ደላላ ዕዳ ሌላው ይከፍላል ማለት ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ተቆርጦና ተስተካክሎ ይቅረብ፤ ቀጥሎ ግን ያልተነካው፣ ዕቃው ካለበት ቦታ ጋር ይለጠፍ። ዋናው ፋይል ሽያጩ እስኪያልቅ አይጥፋ፤ ክርክር ቢነሳ ምስክር ነው። ቀብድ የሚቀበል ደላላም ዕቃው ከፎቶግራፉ ጋር ካልተመሳሰለ ገንዘቡን እንደሚመልስ አስቀድሞ ይጻፍ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ነገር ግን አንድ ጥንድ ጫማ ወይም የአንድ ወር የቤት ኪራይ ይዞ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ገዢ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥበቃው ከገበያተኛው ከራሱ መጀመር አለበት።

መሣሪያው ዕቃን ከአካባቢው መለየት ይችላል፤ እውነቱን ከውሸቱ መለየት ግን የሻጩ ድርሻ ነው። ይህን ያላደረገ ደላላ ዛሬ አንድ ቤት ቢያሻሽጥ ነገ ስልኩን የሚያነሳለት ደንበኛ አያገኝም።