አስምና አስፕሪንን ለየብቻ መማር ይብቃን

ባዮኬሚስትሪ ላይ ቅባት ማለት ማገዶ ነው፤ ቢበዛ የህዋስ ሽፋን ነው። አስፕሪን ፋርማኮሎጂ ላይ ይመጣል። አስም ደግሞ በሌላ ሴሚስተር ይደርሳል። ሦስቱን የሚያገናኘው ነገር የማንም ድርሻ ስላልሆነ ሳይነገር ያልፋል። እኔ ይህ ይስተካከል ባይ ነኝ።

እስቲ ከሳንባ እንጀምር። በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ማክሮፌጆች፣ በአየር ቧንቧው ግድግዳ ላይ ደግሞ ማስት ሴሎች አሉ። አስም ሲኖር ብዙውን ጊዜ ኢዮሲኖፊሎችም ይጨመራሉ። እነዚህ ህዋሳት መልእክተኛ ቅባቶችን አዘጋጅተው አያከማቹም፤ ሲቀሰቀሱ እዚያው ይሠሯቸዋል። በህዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይጨምርና ፎስፎላይፔዝ ኤ2 የተባለው ኢንዛይም ባለ 20 ካርቦኑን አራኪዶኒክ አሲድ ከሽፋኑ ላይ ቆርጦ ያወጣል። ከዚያ መንገዱ ይከፈላል። ሳይክሎኦክሲጂኔዝ ወደ ፕሮስታግላንዲን፣ 5-ላይፖክሲጂኔዝ ደግሞ ወደ ሉኮትሪን ይወስደዋል። ከማክሮፌጅ የሚወጣው ሉኮትሪን ቢ4 ሌሎች ነጭ የደም ህዋሳትን ይጠራል። የማስት ሴሉና የኢዮሲኖፊሉ ሉኮትሪን ሲ4 ግን የቧንቧውን ጡንቻ ያኮማትራል፤ አስመኛውን የሚያፍነው አንዱ እሱ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ለሉኮትሪኑ ልጓም ነው። አስፕሪን ደግሞ፣ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው፣ ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ ያግዳል። ታዲያ በአንዳንድ አስመኞች ላይ ልጓሙ ሲወልቅ ሉኮትሪኑ ይበዛል፤ ለራስ ምታት የተዋጠች ክኒን ትንፋሽ ታሳጥራለች። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ያው ናቸው። ፓራሲታሞል በተለመደው መጠን አብዛኞቹን አይነካም። ሁሉም አስመኛ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ከ100 አዋቂ አስመኞች 7 ያህሉ ናቸው። ግን ማን እንደሆኑ በመልካቸው አይታወቅም።

«ኮርሱ ሞልቷል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ሞልቷል። እኔ የምለው ግን አዲስ ኮርስ ይጨመር አይደለም፤ አስፕሪን በሚሰጥበት ቀን አንድ ሰዓት ለሳንባ ይመደብ ነው። ሞንቴሉካስትም የሉኮትሪንን ተቀባይ እንደሚዘጋ ለፈተና ሸምድደነዋል፤ ሉኮትሪኑ ከየት እንደመጣ ብንጠየቅ ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን?

ብዙዎቻችን ነገ የምንቆመው ፋርማሲ መስኮት ላይ ነው። ሰው መጥቶ «የራስ ምታት ክኒን ስጠኝ» ሲል ዋጋ ከመናገራችን በፊት «አስም አለብዎት? ማስታገሻ ወስደው ትንፋሽ አጥሮዎት ያውቃል?» ማለት አለብን። መንገዱን ያልተማረ ሰው ጥያቄውን ከየት ያመጣዋል?