ዳግመኛ ስለ መፈተን



በመስከረም 2018 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጠ ጊዜ እኔ ከ600 ያገኘሁት 183 ነበር። ግማሹን ያልሞላ፣ ሬሚዲያል ለሚባለው የማካካሻ ትምህርትም ያላበቃ ውጤት ነው። ምኞቴ ሕግ ማጥናት ስለ ሆነ በግል ተመዝግቤ ዳግመኛ ለመፈተን ቈርጫለሁ። «የወደቀች ልጅ ደግሞ ምን ታደርጋለች?» የሚለው ወሬ በሐይቅ ከተማ ስለ በዛ፣ የበኩሌን ሐሳብ በዚህ መጽሔት ላቀርብ ወደድሁ።

አስቀድመን ቍጥሩን እንመልከት። በጥር 2015 ዓ.ም. በተገለጠው ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች መካከል ያለፉት 48,929፣ ማለት ከመቶ 8.4 ናቸው። እንግዲህ የቀረውን ወጣት ሁሉ ሰነፍ ነው ብሎ መስደብ ፍርድ አይደለም። ሆኖም «ሁሉም ወድቋል» እያሉ መቀመጥም የብዙ ሰው ልቅሶ ሐዘንን ያቀልል ይሆናል እንጂ አንዲት ነጥብ አይጨምርም።

ደግሞስ መደጋገም በአገራችን ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ? ከከተማችን አጠገብ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ታላቅ የትምህርት ቦታ ነበር። በየኔታ ፊት ዳዊት የሚደግም ልጅ የተሳሳተውን ሳያቀና ወደ ፊት አይሻገርም፤ የቁርኣን ተማሪም በሰሌዳው የተጻፈለትን በቃሉ ሳይዝ ሰሌዳው አይታጠብለትም። ይህን ልጅ ግን «ወደቀ» የሚለው የለም፤ «ገና እየተማረ ነው» ይባላል።

እዚህ ላይ ለጓደኞቼ አንድ ነገር ላሳስብ። ያንኑ ደብተር በዚያው መንገድ ደግሞ ማንበብ ድካም እንጂ ዝግጅት አይደለም። የእኛ የማኅበራዊ ሳይንስ ፈተና ስድስት ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ብቻቸውን 300 ይይዛሉ። ታሪክንና ጂኦግራፊን ሌሊቱን ሙሉ ሸምድዶ ሒሳብን «ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች» ብሎ የተወ ሰው ከፈተናው ግማሽ ጋር ሳይተዋወቅ ይገባል። ስለዚህ ከእንባ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ውጤቱን በየትምህርቱ ለይቶ ማየት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር መፈተን ስለ ተጀመረም፣ ጣቶቹ ከመሣሪያው ጋር ያልተላመዱ ልጅ ሰዓቱ ሊያመልጠው ይችላል።

ጥያቄን ረጋ ብሎ ማንበብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ጎረቤታችን አምባሰል ምስክር ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ፣ የአማርኛው ቃል ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መነጋገር «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። የዚያች ቃል ጠብ ዐድዋ ድረስ ወሰደን። እኔም ሕግን የወደድሁት በዚህ ነው፤ አንድ ቃል ለአገር ይህን ያህል ከከበደ ቃል የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል ብዬ። (ለነገሩ በሕግ ትምህርት መጨረሻም የመውጫ ፈተና አለ፤ ከፈተና የሚሸሽ ሰው ይህን መንገድ ባይጀምረው ይሻለዋል።)

ወላጆቻችን ሆይ፣ አሁን የምናገረው ለእናንተ ነው። ውጤት በወጣ ሳምንት ደላላው በር ያንኳኳል፤ «ምን ትሠራለች እቤት? አረብ አገር ትሂድ» ይላል። ሴት ልጅ የሆነች እንደ ሆነች ጎረቤቱም አብሮ ይመክራል። ከሄዱት መካከል ቤተሰብ የረዱ እንዳሉ አልክድም፤ ቤታችንም ችግር እንዳለበት አውቃለሁ። ነገር ግን በ18 ዓመት አንድ ፈተና ስላላለፈች ብቻ የተላከች ልጅ ምርጫዋን መርጣ ሄደች አይባልም። የእኔ እናት «አንድ ዓመት ልስጥሽ» አለችኝ። ገበያ ውላ የምታመጣው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ ስለማውቅ፣ ይህ ስጦታ ከባድ መሆኑን አውቀዋለሁ።

መምህሮቻችንንም የምለምነው አለኝ። በግል የሚፈተን ልጅ መታወቂያው ስለሚያልቅበት ከትምህርት ቤት ደጅ ይመለሳል፤ መጽሐፉም ኮምፒዩተሩም ከአጥሩ ውስጥ ይቀራል። ቤተ መጻሕፍቱና የኮምፒዩተሩ ክፍል ከሰዓት በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለእኛ ቢከፈት ወንበር ጠርገን፣ መጽሐፍ ቈጥረን እናስረክባለን። ስማቸውን ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆኑ አሥራ አራት ልጆች አሁኑኑ አሉ።